ፓይለቷ እምቢ ስትል፦ ከሲሊንደሩ እስከ ቴርሞካፕሉ ደረጃ በደረጃ

ኦቨን ያለው የጋዝ ምድጃ፣ የምግብ ቤት መጥበሻ ወይም በሲሊንደር የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ዋናው እሳት ከመነሳቱ በፊት መብራት ያለባት ትንሽ እሳት አለች። ፓይለት ይሏታል። እሷ ካልበራች ዋናው አይነሳም። እሷ እምቢ ያለች ቀን ደግሞ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ካቻቢቴ ያነሳና ዕቃውን መፍታት ይጀምራል።

እባካችሁ ቆይ በሉ። ብልሽት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ፓይለቷ አጠገብ ሙቀት የሚያውቅ ዘንግ አለ፤ ቴርሞካፕል ይባላል። ከጀርባ ደግሞ እሳት ከሌለ ጋዙን የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ጋዝ ሲያንስ፣ አየር ሲጎድል ወይም እሳቷ ዘንጉን በደንብ ሳትነካው ስትቀር ቫልቩ ይዘጋል። የተሠራውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የኛ ሥራ ለምን እንደዘጋ ማግኘት እንጂ መዝጊያውን ማታለል አይደለም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፤ በየኩሽናው መዝጊያው በሽቦ ታስሮ አያለሁና። ወደሱ እመለሳለሁ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። የእጅ ባትሪ፣ የሳሙና ውሃ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ረጅም ክብሪት፣ ካቻቢቴና ልኩ የሆነ ቁልፍ ይበቃል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ እሰየው።

መጀመሪያ እንቢታዋን እዩ

ከመንካታችሁ በፊት እንዴት አድርጋ እምቢ እንዳለች ተመልከቱ። ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ጭራሽ አለመያዝ ነው፤ ክብሪት ብታስጠጉም ምንም የለም። ሁለተኛው ደካማ አያያዝ ነው፤ ትይዛለች ግን ቢጫ ናት፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ንፋስ እንደመታት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሦስተኛው የሚያናድደው ነው፤ ቆንጆ አድርጋ ትይዛለች፣ ጣታችሁን ከቁልፉ ስታነሱ ግን እልም።

አንደኛው በአብዛኛው ጋዝ አለመምጣት ወይም ብልጭታ ማጣት ነው። ሁለተኛው ቆሻሻ ወይም የግፊት ችግር ነው። ሦስተኛው ቴርሞካፕሉ ወይም አለኳኮሱ ነው። የናንተ የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሽታ ካለ ሥራ የለም

ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ነገር የሚመስለው ሽታ፣ ሲያፈስ እንድንነቃ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። እና ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን 1.5 እጥፍ ያህል፣ ቡቴን 2 እጥፍ ያህል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጥግ ጥጉን ይይዛል፣ በቁም ሳጥንና በአልጋ ሥር ይገባል። ቆማችሁ አሽትታችሁ "የለም" እንዳትሉ። ጎንበስ በሉና ከወለሉ አጠገብ አሽትቱ።

ወሎ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ቡናችን። ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ጀበናው ከምድጃው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተጥዶ ነው ብዙ ቤት ፓይለት የሚለኮሰው። የዕጣን ጭስ የጋዙን ሽታ ይውጠዋል። አፍንጫም ቶሎ ይለምዳል፤ ቤት ውስጥ የቆየ ሰው የማይሸተውን ከደጅ የገባ ሰው ወዲያው ያገኘዋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሰሉ ደጅ ይሁን፣ ዕጣኑ ይቅር፣ ከዚያ ከውጭ አንድ ሰው ጠርታችሁ "እስቲ ግባና አሽትልኝ" በሉት።

ሽታ ካለ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። የመብራት ማብሪያ አትንኩ፤ ማብራትም ማጥፋትም ብልጭታ አለው። ስልክም ከወጣችሁ በኋላ። የተያያዘ ከሰል ውስጥ ካለም ላንሳው ብላችሁ አትመለሱ። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ክብሪት የሚባል ነገር አይታሰብም። ከጠፋ በኋላ የፈሰሰበትን ቦታ በሳሙና ውሃ ፈልጉ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።

ሲሊንደሩ፦ አለ ወይስ አልቋል?

ቀላሉ ነገር ነው፤ ብዙ የሚዘለለውም እሱ ነው። ሲሊንደሩን መነቅነቅ አያስተማምንም። መመዘን ነው። አንገቱ ላይ ወይም እጀታው ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ያንን ስትቀንሱ የቀረው ጋዝ ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ ጆግ ሞቅ ያለ ውሃ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች አፍስሱ። የፈላ አይደለም፣ ሞቅ ያለ። ከዚያ በእጃችሁ ዳብሱት። ከላይ ሞቆ የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ፈሳሹ ጋዝ ያለው ከዚያ በታች ነው። የትም ቦታ ካልቀዘቀዘ አልቋል ማለት ነው።

ብርዱም ድርሻ አለው። ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ ነው ወደ ጋዝነት የሚለወጠው፣ ፕሮፔን ግን 42 ዲግሪ ከዜሮ በታችም ይለወጣል። ሁለቱ ተደባልቀው ሲቀመጡ ፕሮፔኑ ቀድሞ ቀድሞ ይወጣና ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል በብዛት የሚቀረው ቡቴኑ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ደሴ ወይም ቦሩ ሜዳ፣ ሲሊንደሩ ደጅ ያደረ ከሆነ፣ ጠዋት ላይ ፓይለቷ ሞታ ቀትር ላይ በደህና የምትበራው ለዚህ ነው። መፍትሔው ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ወይም በሙሉ ሲሊንደር መቀየር ነው። ከሰል አጠገብ አስጠግቶ ማሞቅ በፍጹም፣ በፍጹም አይደረግም። ማጋደም ወይም መገልበጥም አይሆንም፤ ፈሳሹ ወደ ቱቦው ይገባል።

ቫልቩን ደግሞ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። አንዳንድ ሬጉሌተር፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ግፊት መቀነሻ፣ ጋዙ በድንገት ሲመጣበት "ቱቦ ተበጠሰ" ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ከመሰላችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ እንደገና በዝግታ ክፈቱ።

ሬጉሌተርና ጎማ

ሬጉሌተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። የቤት ምድጃና ኦቨን የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ 28 ወይም 30 ሚሊባር። ለድግስና ለትልልቅ ድስት የሚሆነው፣ እንደ ቧንቧ የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለው ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ሌላ ነው። እሱን ኦቨን ላይ ከገጠማችሁት እሳቷ ከአፏ ተነጥላ ትጠፋለች፣ ቫልቩንም ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ከድግስ በኋላ ዕቃ ሲመለስ ሬጉሌተር ይቀያየራል፤ ይሄን ልብ በሉ።

በጥርስ የሚገባ ሬጉሌተር ከሆነ ጥርሱ ብዙ ጊዜ የግራ ነው። ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። "አይገባም" እያሉ ወደ ቀኝ መታገል ጥርሱን መጨረስ ነው።

ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ሂዱበት። የታጠፈ ካለ ጋዝ አያልፍም። አጠፍ ስታደርጉት ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር። ጎማው ላይ የታተመ ዓመት ካለ ተመልከቱ፤ ያለፈበት ከሆነ ደህና ቢመስልም ይቀየር። በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ ይኑረው፤ በሽቦ የተጠመጠመ ጎማ አልቀበልም።

ሲሊንደር ከተቀየረ ወይም ጎማ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ አየር አለ። የፓይለት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነች አየሩ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሁለቴ ሞክራችሁ "ተበላሸ" አትበሉ።

አለኳኮሱ

ብዙ ዕቃ ሦስት ቦታ ያለው ቁልፍ አለው፤ ዝግ፣ ፓይለት፣ ክፍት። እንዲህ ነው የሚኬደው።

1. ቁልፉን ዝግ ላይ አድርጉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቀድሞ የወጣ ጋዝ ካለ ይበተን። ኦቨን ከሆነ በሩ ክፍት ይሁን።
2. ፊታችሁን ከአፉ ዘወር አድርጉ። ነጠላም ሻርፕም ወደ ኋላ ይታሰር።
3. ቁልፉን ፓይለት ላይ አምጡና እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ተጫኑት።
4. እንደተጫናችሁ ማቀጣጠያውን ምቱ፣ ወይም የተለኮሰ ረጅም ክብሪት አስጠጉ። በክብሪት ከሆነ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ለኩሱት፤ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል።
5. ስትይዝ ቁልፉን አትልቀቁ። ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ያዙት።
6. በዝግታ ልቀቁት። ከቆየች ወደ ክፍት አዙሩ።

አምስተኛው ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። አንዲት ጎረቤታችን ለበዓል ዳቦ ሊጥ አቡክተው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ይይዝና ይጠፋብኛል።"

"ስንት ያህል ይይዙታል እትዬ?"

"ቢስሚላህ ብዬ እለኩሰዋለሁ፣ ሲይዝ እለቀዋለሁ።"

"አሁን ሲይዝልዎት እንዳይለቁት። ቀስ እያሉ እስከ 40 ይቁጠሩልኝ።"

ስልኩን ሳይዘጉ ቆጠሩ። 40 ሲሞላ ለቀቁት፤ እሳቷ ቆመች። ዕቃው ምንም አልሆነም ነበር፤ ዘንጉ የሚሞቅበት ጊዜ ነው ያጣው።

ብልጭታ ከሌለ

ማቀጣጠያውን ስትመቱ ጨለማ አድርጋችሁ እዩ። ብልጭታዋ ከማቀጣጠያው ሸክላ ጫፍ ወደ ፓይለቷ አፍ መዝለል አለባት። ርቀቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ድምፅ አለ ግን ብልጭታ ሌላ ቦታ ከወጣ ሸክላው ተሰንጥቋል። ወጥ ገንፍሎበት ወይም ታጥቦ ከረጠበም አይሠራም፤ ይድረቅ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን ቀይሩ። ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ግን በክብሪት ሞክሩ፤ በክብሪት ከያዘች ጋዙ ጋ ችግር የለም፣ ማቀጣጠያው ብቻ ነው፣ እሱም አያጣድፍም።

ጂግለሯን ማጽዳት

ጋዝ አለ፣ ሬጉሌተሩ ልክ ነው፣ ግን ፓይለቷ ወይ አትይዝም ወይ የክብሪት ጫፍ የምታክል ሆና ቀርታለች። እንግዲህ ጂግለሯ ናት፤ ጋዙ የሚወጣባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ። ቀዳዳዋ ከ1 ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰች ስለሆነች ለመደፈን ምንም አይበቃትም።

እኛ ጋ ኦቨን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚነሳው። ለዒድ፣ ለገና፣ ለሠርግ። በመካከል ለወራት ይቀመጣል። ያኔ ሸረሪት ይገባል። ትናንሽ ሸረሪቶች እንዲህ ያለ ቱቦ ይወዳሉ፤ ድራቸውን ሠርተው ቀዳዳዋን ይደፍኗታል። ከዚያ ዘይትና የዱቄት ብናኝ ይጨመርበታል። ስትፈቷት አንዳንድ ጊዜ በባትሪ ብርሃን ላይ ነጭ ክር መስሎ ይታያል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ዳቦውን ያስቀረው እሱ ነው።

ሲሊንደሩን ዝጉ። ቁልፉን ተጭናችሁ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጋዝ አውጡ፣ ክፍሉ ይናፈስ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ስትመልሱ ያመሰግናችኋል። ከዚያ ወደ ፓይለቷ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ፍቱ። ጂግለሯ ከጫፉ ላይ ወይም ከአፏ ውስጥ ትወጣለች። በጣም ትንሽ ናት፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ።

ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጧት። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ጥረጓት፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ አሳልፋችሁ እዩ። ክብና ጥርት ያለች የብርሃን ነጥብ ከታየች በቃ። ካልታየች ሰፈራችሁ ያለ ጎሚስታ ጋ ይዛችኋት ሂዱና በኮምፕሬሰር ይንፋላችሁ። የተፈታችውን ጂግለር ብቻ ነው የሚነፋው፤ ምድጃው ላይ እንዳለች ኮምፕሬሰር ከተሰጣት ያ ሁሉ ግፊት ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል።

መርፌ አትክተቱ። ይሄን የምለው ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መርፌ ስለሆነ ነው። ናሱ ለስላሳ ነው፣ መርፌው ብረት ነው፤ ቀዳዳዋ ትሰፋለች። ከሰፋች በኋላ እሳቷ ትልቅ፣ ቢጫና ጥላሸታም ትሆናለች፣ የሚመልሳትም የለም፤ ጂግለሯ ትቀየራለች።

አልኮሉ ደርቆ ማለቁን አይታችሁ ግጠሙ። ናት ሲጠብቅ በእጅ እስኪቆም፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። ከዚህ በላይ ቀጭኑን ቱቦ መቁረጥ ነው።

እሳቷ ምን ትመስላለች?

ደህና ፓይለት ሰማያዊ ናት፣ ጸጥ ያለች ናት፣ የዘንጉን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አቅፋ ትይዛለች። ቢጫ ከሆነች የምታገኘው አየር አንሷል ወይም ቆሻሻ አለ። ከአፏ ተነጥላ የምትጮህ ከሆነች ግፊቱ በዝቷል። ዘንጉን ሳትነካ ወደ ጎን የምትሄድ ከሆነች ወይ ንፋስ ይመታታል ወይ አፏ ጠሟል። በር በተከፈተ ቁጥር የምትጠፋ ከሆነች ምድጃው የቆመበትን ቦታ ቀይሩ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በኩሽና በር ገብቶ ስንቱን ፓይለት ነው የሚያጠፋው። ግን ንፋስ ለመከላከል ብላችሁ መስኮቱን ሁሉ አትድፈኑ። አየር ያስፈልጋታል፣ እናንተም ያስፈልጋችኋል።

ቴርሞካፕሉ

ስትለቁት የምትጠፋዋ፣ 1 ደቂቃ ሙሉ ተይዛም የማትቆመዋ፣ ወደዚህ ትመጣለች።

ቴርሞካፕል ሁለት ዓይነት ብረት የተበየደበት ዘንግ ነው። ጫፉ ሲግል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ 20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል ብቻ። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ቫልቩ ውስጥ ያለውን ማግኔት ይዛ ታቆማለች። እሳቱ ሲጠፋ ዘንጉ ይበርዳል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ "ቀጭ" ይላል፣ ጋዙ ይዘጋል። ባትሪም ሶኬትም አይፈልግም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

በቅደም ተከተል እንዲህ ሂዱ። መጀመሪያ ጫፉ እሳቷ ውስጥ መሆኑን እዩ፤ ብሎኗ ላልታ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከሆነ ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁት። ቀጥሎ ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ከሆነ፣ ከበረደ በኋላ፣ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ጥረጉት። ከዚያ በሌላው ጫፍ፣ ቫልቩ ላይ የገባበትን ናት ፍቱና ጫፉ ላይ ያለችውን ነጥብ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። 20 ሚሊቮልት ማለት ምንም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ዝገት ወይም ዘይት ካለ መንገድ ላይ ይቀራል። ስትመልሱት በእጅ እስኪቆም፣ ከዚያ ሩብ ዙር።

ቴስተር ካላችሁ መለካት ትችላላችሁ። የቫልቩን ጫፍ ፍቱ፣ ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ገመድ መዳቡ ላይ ሌላውን የጫፉ ነጥብ ላይ ያዙ፣ የዘንጉን ጫፍ በላይተር ለ1 ደቂቃ ያህል አሙቁት። 20 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ደህና ነው፣ ችግሩ የቫልቩ ማግኔት ሊሆን ይችላል። ከ15 በታች ከሆነ ዘንጉን ቀይሩት።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱ ይለያያል፣ የናቱ ጥርስም ይለያያል፣ "የኦቨን ስጠኝ" ብሎ መግዛት ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው። እዚህ ካጣችሁ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ዕቃውን ስጡት።

ከውጭ የመጣ ዕቃ

ይሄ ወሎ ላይ ተደጋግሞ የሚገጥም ነገር ነው። ከዓረብ አገር ወይም ከሌላ ውጭ አገር ልጆች የላኩት ምድጃ፣ አዲስ ከካርቶን ወጥቶ፣ እምቢ ይላል። ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ከኋላው ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ለቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ነው ወይስ ለኤልፒጂ፣ ማለትም ለሲሊንደር ጋዝ? የተፈጥሮ ጋዝ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጂግለሩ ሰፊ ነው። ሲሊንደር ከተገጠመበት እሳቱ ይበዛል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ያጠቁራል። የኤልፒጂ ጂግለሮች አብረውት በትንሽ ከረጢት ይመጣሉ አንዳንዴ፤ ካርቶኑን ሳትጥሉ ፈልጉ። ፓይለቷንም ዋናዎቹንም መቀየር ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፣ በተለይ ለቤት ማሞቂያ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ብዙ ዘመናዊ ባለ ሲሊንደር ማሞቂያ ደግሞ ፓይለቷ ኦክስጅን ሲቀንስ እንድትጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ክፍሉ ታፍኖ ሰው እንዳይሞት። ከፍታው ላይ ያቺ ፓይለት አየሩ ሳስቶባት ትጠፋለች። አንዳንዱ ማሞቂያ መመሪያው ላይ ከ4,500 ጫማ በላይ አይሠራም ይላል፣ አንዳንዱ ከ7,000 ጫማ በላይ ሊጠፋ ይችላል ይላል። ደሴ 8,200 ጫማ ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 6,000 ገደማ። ስለዚህ ያው ማሞቂያ ኮምቦልቻ እኅታችሁ ቤት ሲበራ አድሮ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ደሴ ሲመጣ እምቢ ቢል አትገረሙ። ጂንም የለበትም፣ ብልሽትም የለበትም። የማያዋጣ ቦታ ነው የመጣው። ለዚህ ከፍታ የተፈቀደ ማሞቂያ ፈልጉ እንጂ ያንን መከላከያ አታስነቅሉት።

የውሃ ማሞቂያ

ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚበራው ዓይነት ብዙ ጊዜ ቋሚ ፓይለት የለውም። እሱ እምቢ ሲል ከጋዙ በፊት ውሃውን እዩ። የውሃው ኃይል ካነሰ ማስነሻው አይነሳም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ታንከሩ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ፣ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ቀጥሎ የውሃ መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት አጽዱ፣ ከዚያ ባትሪ ድንጋዮቹን ቀይሩ።

መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ከሆነ ግን ጥገናውን ተዉትና መጀመሪያ ያለበትን ቦታ አስቀይሩ። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሠራል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ራስ ምታትና ማዞር ሰጥቶ ሰውን እዚያው ያስቀራል። ጭስ ማውጫው ወደ ደጅ ይውጣ።

በሽቦ ማሰር

አሁን ወደዚያ ነገር። ሥራ የሚበዛበት ኩሽና ነው፣ መጥበሻው ሲለቁት ይጠፋል፣ ደንበኛ ይጠብቃል። አንዱ ይመጣና ቁልፉን ተጭኖ በሽቦ ወይም በጎማ ያስረዋል፣ ወይም ቴርሞካፕሉን አውጥቶ ቫልቩን ዝም ያሰኘዋል። ይሠራል። እንግዲህ ማታ ላይ ንፋስ ያቺን እሳት ቢያጠፋት ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ወለሉ ላይ ይሞላል፣ የሚዘጋው የለም። ጠዋት መጀመሪያ የምትገባው ልጅ መብራት ታበራለች ወይም ለቡና ከሰል ትለኩሳለች።

ቴርሞካፕል ርካሽ ዕቃ ነው። እሱ እስኪገኝ ድረስ ያ መጥበሻ ይቁም። ባለቤት ከሆናችሁ እሰሩ አትበሉ፤ ሠራተኛ ከሆናችሁም "ጋሼ፣ ይሄን አላስረውም" በሉ።

ሲያልቅ

የፈታችሁትን ሁሉ ከገጠማችሁ በኋላ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ እየነፋ ከመጣ ያፈስሳል። ዝጉ፣ አጥብቁ፣ እንደገና ቀቡ። በክብሪት ፍሰት መፈለግ የለም።

የሳሙናው ምርመራ ንጹሕ ሆኖ፣ ጂግለሯ ጸድታ፣ ቴርሞካፕሉ ተቀይሮ አሁንም እምቢ ካለች የቀረው ቫልቩ ነው። ቫልቩን ቤት ውስጥ አትፍቱት፤ ውስጡ ትንንሽ ስፕሪንግና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) አለ፣ አንዷ ብትዛነፍ ዝግ ላይ እያለም ያፈሳል። ባለሙያ ስትጠሩ ሦስቱን ንገሩት፦ ትይዛለች ወይስ አትይዝም፣ ስንት ሰከንድ ቁልፉን ያዛችሁ፣ ቀለሟ ምን ነበር። ምን እንደቀየራችሁም ንገሩት፤ ያነሳችሁትን ፎቶም አሳዩት። እሱ እስኪመጣ ሲሊንደሩ ከራሱ ቫልቭ ላይ ተዘግቶ ይደር።